ከገበያው በፊት ጎተራው

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ በሚገኙ የወረዳ ከተሞች፣ በደጀንም ሆነ በደምበጫ፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚታይ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ከገጠር መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ወጣቶች የመጨረሻው ደወል እንደ ተደወለ ወደየመንደራቸው ይገሰግሳሉ። እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ማለዳ ሲመለሱ የሳምንት ስንቃቸውን በትከሻቸው ተሸክመዋል፤ እንጀራው፣ ድርቆሹ፣ በሶውና ሽሮው በልክ በልኩ ተቋጥሯል። ይህን የሚያደርጉት ከተማው ገበያ ስለሌለው አይደለም። ገበያ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቀን ይመርጣል፤ አንዳንዴም ሳይቆም ይቀራል። ስንቁን የያዘ ተማሪ ገበያው ቆመም አልቆመም እራቱን በልቶ ጥናቱን ይቀጥላል።

ይህን የምታውቁትን ነገር መነሻ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ በወላጆች ስብሰባም ሆነ በተማሪዎች ጨዋታ መካከል፣ «ለትምህርት ቤታችን ገመድ አልባ ኢንተርኔት ይግባለት» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከጥያቄው በፊት መምጣት ያለበት ሌላ ጥያቄ ተዘሏል፤ ይኸውም «ኢንተርኔቱ በተቋረጠ ቀን በእጃችን ምን ይቀራል?» የሚለው ነው። ትምህርት ቤት በቅድሚያ ሊያሰናዳ የሚገባው የራሱን የዕውቀት ጎተራ ነው፤ ወደ ዓለም ገበያ የሚወስደውን በር መክፈት ያለበት ከዚያ በኋላ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን አሳብ በማስረጃ ለማስረዳት ነው።

አስቀድመን ስለ ነገሩ ምንነት እንነጋገር። በተለምዶ «ዋይፋይ» የምንለው መሣሪያዎች በአጭር ርቀት ያለ ገመድ፣ በሬዲዮ ሞገድ የሚነጋገሩበት ዘዴ ነው። «ሆትስፖት» የሚባለው ደግሞ ይህ ሞገድ የሚሰራጭበት ቦታ ወይም መሣሪያ ነው። ሁለቱን ከኢንተርኔት ጋር አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ስሕተት ነው። ዋይፋይ መንገድ ነው፤ ኢንተርኔት ግን በመንገዱ ተጉዘን ልንደርስበት ከምንችላቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። መንገዱ ወደ ሩቁ ገበያ እንደሚያደርስ ሁሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው ጎተራም ሊያደርስ ይችላል። የክርክሬ ሁሉ መሠረት ይህ ልዩነት ስለሆነ አንባቢው ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ።

የዘዴው ታሪክም ቢሆን ከእኛ ኑሮ የራቀ አይደለም። በ1963 ዓ.ም. የሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በባሕር በተለያዩ ደሴቶች ላይ ያሉ ኮምፒዩተሮችን በሬዲዮ ሞገድ ለማገናኘት «አሎሃኔት» የተባለውን መረብ ሥራ ላይ አዋሉ። ምሁራኑን ለዚህ ያነሣሣቸው የመልክዐ ምድር ችግር ነበር፤ ባሕሩ ለገመድ አይመችም ነበርና። በ1977 ዓ.ም. የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን የተወሰኑ የሬዲዮ ሞገዶችን ማንም ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲጠቀምባቸው ፈቀደ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የዋይፋይ የመጀመሪያው የጋራ ደንብ ወጣ። ያን ጊዜ ፍጥነቱ ቢበዛ በሴኮንድ ሁለት ሜጋ ቢት ነበር። የኢትዮጵያ ሕዝብ የኢንተርኔት አገልግሎት ማግኘት የጀመረውም በዚያው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከባሕር ይልቅ ገደልና ሸለቆ፣ ከደሴት ይልቅ አምባ ለሚበዛበት ለጎጃም ደጋ ይህ ዘዴ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ሆትስፖት ማዘጋጀት ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ስልኮች የቅንብር ገጽ ውስጥ ሆትስፖት የሚል ቦታ አለ። ባለቤቱ ለሞገዱ ስም ይሰጣል፤ የይለፍ ቃል ያወጣል፤ በብዙዎቹም ላይ ስንት ሰው ሊገናኝ እንደሚችል ይወስናል። ስልኩ ከቴሌ ምሰሶ የሚቀበለውን ኢንተርኔት ለሌሎች ያካፍላል። ትምህርት ቤት ግን በአንድ ስልክ ሊዘልቅ ስለማይችል «ራውተር» የተባለውን መሣሪያ ይጠቀማል። የሁለቱም የሥራ ጠባይ አንድ ነው፤ ተቀብሎ ማካፈል። ታዲያ ማካፈል ሲባል የጠላ ጋንን እናስታውስ፤ ጋኑ አንድ ሆኖ ጽዋው በበዛ መጠን የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል። አምስት ሰው በምቾት የሚጠቀምበት መስመር ለሃምሳ ሰው ሲደርስ ሁሉንም የሚያስቆዝም እንጂ ማንንም የሚያጠግብ አይሆንም።

ጉዳዩን በሒሳብ እንመልከተው። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በኤሌክትሮኒክ ቅጂው 20 ሜጋ ባይት ይመዝናል እንበል። አርባ ተማሪዎች ያሉበት አንድ ክፍል እያንዳንዱ ተማሪ መጽሐፉን ከኢንተርኔት ለየብቻው ቢያወርድ 800 ሜጋ ባይት ይፈጃል። የስምንት የትምህርት ዓይነቶች መጻሕፍት ሲሆኑ ደግሞ ሒሳቡ ወደ 6,400 ሜጋ ባይት ይወጣል። ነገር ግን አንድ ሰው ስምንቱን መጻሕፍት አንድ ጊዜ አውርዶ በግቢው ጎተራ ቢያስቀምጣቸው የሚከፈለው ለ160 ሜጋ ባይት ብቻ ነው። የቀሩት ሠላሳ ዘጠኙ ተማሪዎች ከጎተራው በዋይፋይ ይወስዳሉ፤ ለዚህም ለማንም ሳንቲም አይከፈልም። አንዱ መንገድ የሌላውን አርባ እጥፍ ያስከፍላል። የተማሪ ወላጅ ጤፉን ሸጦ የስልክ ጥቅል በሚገዛበት አገር ይህን ልዩነት ቸል ማለት አይገባም።

ከወጪው የሚከብድ ሌላም ምክንያት አለ። ኢንተርኔት ይቋረጣል። በ2009 ዓ.ም. እና በ2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ አካባቢዎች ለወራት ቆይቷል። ስለ መቋረጡ ምክንያትና ስለ ተገቢነቱ መከራከር የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም። ለእኛ የሚበቃን ትምህርቱ ነው። ጥናቱን በሙሉ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የጣለ ተማሪ በዚያ ወቅት መጽሐፉንም፣ መልመጃውንም፣ የአምና ፈተናዎችንም በአንድ ጊዜ አጣ። ቀድሞ አውርዶ በስልኩ ያስቀመጠ ተማሪ ግን ለራሱም ተረፈ፤ ለጓደኞቹም ደረሰ። ያን ጊዜ መጻሕፍት ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፉ ይዳረሱ እንደ ነበር የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ተማሪዎች ማንም ሳያዛቸው የዘረጉት የጎተራ ሥርዓት ይህ ነበር።

ጉዳዩ የዋዛ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ቁጥር ልጥቀስ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ውጤቱ ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ቢልም ከመቶው ተፈታኝ ዘጠና አራቱ ከግማሽ በታች ቀርቷል። ለዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ኢንተርኔት ብቻውን ያመጣው፣ ኢንተርኔትም ብቻውን የሚያድነው አይደለም። ዳሩ ግን የሚነበብ ያጣ ተማሪ ሊፈተን እንጂ ሊያልፍ እንደማይችል ማንም አይክድም።

እንግዲህ ጎተራው ምንድን ነው? በብዙዎች ዘንድ እንደሚታሰበው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም። «ኪዊክስ» የሚባል በነጻ የሚታደል ፕሮግራም አለ። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን የመሰሉ ታላላቅ የዕውቀት ስብስቦች ያለ ኢንተርኔት እንዲነበቡ ያደርጋል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሎቹ 100 ጊጋ ባይት ያህል ስለሆነ ከአውራ ጣት ጥፍር በማይበልጥ አንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይሰፍራል። ይህን የያዘ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ወይም «ራስበሪ ፓይ» የተባለችው መዳፍ የምታህል ኮምፒዩተር ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ የትምህርት ቤቱ ጎተራ ሆነ ማለት ነው። ይህች ትንሽ ኮምፒዩተር የምትፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል ከአንድ አምፖል የማይበልጥ ስለሆነ መብራት በጠፋ ጊዜ በሶላርና በባትሪ ልትሠራ ትችላለች። ላፕቶፕም ከሌለ ይኸው ፕሮግራም በስልክ ላይ ተጭኖ ስልኩን የመጻሕፍት ሆትስፖት ያደርገዋል። በዙሪያው ያሉ ተማሪዎች ይገናኛሉ፤ ያነባሉ፤ ካርድ ግን አይቆጠርባቸውም።

በጎተራው ውስጥ የሚቀመጠውም ዊኪፔዲያ ብቻ አይደለም። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመማሪያ መጻሕፍት፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ከነማብራሪያቸው፣ የቤተ ሙከራ ትምህርት የሚያሳዩ አጫጭር ፊልሞች፣ መዝገበ ቃላት፣ መምህራን በየትምህርት ዓይነቱ ያዘጋጇቸው ማስታወሻዎች ሁሉ ቦታ አላቸው። አዝመራ በየዓመቱ ተወቅቶ ወደ ጎተራ እንደሚገባ ሁሉ ጎተራው በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ይታደሳል።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ወገኖች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች አሉ፤ በሐቅ ልንመዝናቸው ይገባል። የመጀመሪያው፣ «ጎተራ የአምናውን እህል እንጂ የዛሬውን አይሰጥም፤ ኢንተርኔት ሕያው ነው» የሚል ነው። እውነት ነው። መምህር ጥያቄውን ለሩቅ ባልንጀራው ሊልክ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የፈተና ውጤቱንና የዩኒቨርሲቲ ምደባውን ሊመለከት፣ አዲስ ግኝት ሊሰማ የሚችለው በኢንተርኔት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር አማካይነት መሰጠት ስለ ጀመረም ከመሣሪያው ጋር መለማመድ ግድ ሆኗል። ስለዚህ በሩ አይከፈት አላልሁም፤ በሩ ከጎተራው በኋላ ይከፈት ነው ያልሁት።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ተማሪው በጨዋታ፣ በቲክቶክና በስፖርት ውርርድ ጊዜውን ያባክናል፤ ስለዚህ ጭራሹን አይግባ» የሚለው ነው። ሥጋቱ ባዶ አይደለም። ነገር ግን መከልከል ተማሪውን ከስልኩ አይለየውም፤ ከትምህርት ቤቱ ቁጥጥር ያስወጣዋል እንጂ። ይልቁንም ተማሪው በግቢው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚያገኘው ጎተራው እንዲሆን፣ የኢንተርኔቱ በር ደግሞ በተወሰነ ሰዓትና በመምህር ፊት እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። ቪዲዮ ብዙ ጥቅል ስለሚበላም ለሁሉም ሲባል መገደቡ ፍትሕ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ያለፈ ታሪክ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ከሁሉም ይከብዳል። «ፕላዝማውስ መጥቶ አልነበረም?» ይላሉ። በእርግጥም በ1990ዎቹ ማብቂያ በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ገብቶ ነበር። ስክሪኑ ይናገራል፤ ተማሪው ይሰማል፤ «ቆይ፣ ይህ አልገባኝም» ቢል ግን የሚያዳምጠው አልነበረም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያልፋል። መሣሪያው ሲበላሽ ጠጋኙ ሩቅ ነው። ይህን ጽሑፍ የሚጽፈውም ሰው መምህር በነበረበት ጊዜ ጠመኔውን ይዞ ከስክሪኑ ጎን እንደ እንግዳ የቆመባቸው ቀናት ነበሩ። ከዚህ የምንማረው መሣሪያ አይግባ የሚለውን አይደለም። መሣሪያው በመምህሩና በተማሪው እጅ ያለ፣ ሊቆም፣ ሊደገምና በአካባቢው ሰው ሊጠገን የሚችል መሆን አለበት የሚለውን ነው። ጎተራው ከዚህ መስፈርት ጋር ይስማማል፤ ተማሪው ያልገባውን ገጽ አሥር ጊዜ ይመለስበታልና።

መሣሪያው ከገባ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ማን ይጠቀምበታል የሚለው ነው። በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የማይታይ በደል አለ። የዋይፋዩ ሰዓት ከትምህርት በኋላ እስከ ምሽት ነው ከተባለ የሚጠቀመው የከተማው ልጅ ነው። ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዞ ወደ ጮቄ ግርጌ የሚመለሰው ተማሪ ደወል እንደ ተደወለ መንገድ መጀመር አለበት። በተከራየችው ቤት ውኃ የምትቀዳውና እራት የምታበስለው ልጃገረድም በምሽት ልትወጣ አትችልም፤ ብትወጣም መንገዱ አያስተማምንም። ስለዚህ ሰዓቱ በምሳ ዕረፍትና በቀን ክፍት ጊዜያት ይሁን፤ በገበያ ቀንም ከገጠር ለሚመጡት ይከፈት። ስልክ የሌላቸው ተማሪዎች የሚጠቀሙባቸው ጥቂት ኮምፒዩተሮች በቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ። ያለዚህ ዋይፋዩ ያለውን የሚጨምርለት፣ የሌለውን የበለጠ የሚያርቀው ይሆናል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የይለፍ ቃሉ ከአንድ እስከ ስምንት በተደረደረ ቁጥር ከሆነ በሩ ተከፍቶ ቁልፉ ደጃፍ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ይቆጠራል። ረጅም፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ በየጊዜው የሚለወጥ ይሁን። የመሣሪያው ዋና ቁልፍ ግን ከኃላፊው መምህርና ከርዕሰ መምህሩ እጅ አይውጣ። ክፉ ሰው የትምህርት ቤቱን ስም የያዘ ሐሰተኛ ሆትስፖት ሊከፍት ስለሚችል ተማሪዎች በማያውቁት ሞገድ ላይ የባንክ ወይም የቴሌብር ምስጢር ቁጥራቸውን እንዳይጽፉ መመከር አለባቸው። ራውተሩ ግቢውን በሚያይ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ሞገዱን ያደክመዋል፣ ቆርቆሮም ይመልሰዋል። በክረምት ነጎድጓድ በሚበዛበት በእኛ ደጋ ደግሞ ዝናብ ሲያጉረመርም መሣሪያውን ከሶኬት መንቀል ዕድሜውን ያረዝምለታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ እነዚህን ሳያሟሉ መጣደፍ ገንዘብን ከማባከን በቀር ትርፍ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ጎተራ የሚሞላው ከገበያ በተሸመተ እህል ብቻ አይደለም፤ ዋናው የገዛ ማሳ ምርት ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው ገና 15,000 ገደማ ነው። ስለ ጮቄ ምንጮች፣ ስለየደብሩ ታሪክ፣ አያቶቻችሁ ስለሚያውቋቸው የዘርና የአፈር ዓይነቶች በአማርኛ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ጉድለት ከሐዋይም ሆነ ከአዲስ አበባ መጥቶ የሚሞላልን የለም። በድርሰት ክፍለ ጊዜ የምትጽፉት፣ ከሽማግሌ ጠይቃችሁ ያጠናቀራችሁት፣ በመምህር የታረመ ጽሑፋችሁ በትምህርት ቤቱ ጎተራ ቢቀመጥ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ያነበዋል። በሩ ሲከፈት ደግሞ ዓለም ያነበዋል። ወደ ገበያ ባዶ ስልቻ ይዞ መሄድ ሸማች ብቻ ያደርጋል፤ የራስን እህል ጭኖ መሄድ ግን ነጋዴም ያደርጋል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ የአንድ ሰው አስተያየት ነው። በትምህርት ቤታችሁ ያለውን እውነታ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ የማትስማሙበት ቢኖር ማስረጃችሁን አሰናድታችሁ ተከራከሩት። ስትከራከሩ ግን ሰኞ ማለዳ ስንቁን ተሸክሞ ወደ ክፍል የሚገባውን ጓደኛችሁን አትርሱት። ዋይፋይ መጣ አልመጣ የሚባለው ጥያቄ ለእርሱ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። ሆዱን ያሰነቀችው እናቱ ናት፤ አእምሮውን የማሰነቅ ዕዳ ግን የትምህርት ቤቱና የሁላችንም ነው።